ባዝ ሄዶ ፍልውሃው ውስጥ ሳይገቡ ላለመመለስ፦ ከቪዛ እስከ ገንዳ ደረጃ በደረጃ

እንግሊዝ አገር ያለችው ባዝ የፍልውሃ ከተማ ናት። ወደዚያ ከሚሄደው ወገናችን ግን ብዙው ውሃው ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል። አንዱ ቦታ አልቆበት፣ አንዱ ሰዓት ተሳስቶ፣ አንዱ ልጅ ይዞ ሄዶ ከበር ተመልሶ። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባቱን ይዞ ሄዶ "ታዲያ የምንታጠበው የት ነው?" ሲባል መልስ ያጣም አለ።

የችግሩ ዋና ምንጭ ይህ ነው። በፎቶ የምታውቁት፣ ዙሪያውን አምድ የቆመበት አረንጓዴ ገንዳ የሮማውያን መታጠቢያ ነው። እሱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ይታያል እንጂ አይገባበትም፤ ውሃውን በእጅ መንካትም ክልክል ነው። የሚገባበት ሌላ ሕንጻ ነው፤ ቴርሜ ባዝ ስፓ ይባላል። በሁለቱ መካከል በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ቲኬታቸው ለየብቻ ነው። የአንዱን ገዝታችሁ ሌላው አያስገባችሁም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ጤናና ቪዛ ከተጣራ በኋላ መጀመሪያ የሚያዘው የገንዳው ሰዓት ነው። ባቡሩም፣ ሙዚየሙም፣ ምሳውም በእሱ ዙሪያ ይደረደራል።

1. ማን ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ለዩ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሰዎች አንድ በአንድ አስቡ።

*ልጆች።* 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወደ ዋናው የስፓ ሕንጻ አይገባም። "ከእኔ ጋር ነው" ማለት አይሠራም። ልጅ ካላችሁ በፈረቃ ግቡ፦ አንዳችሁ ስትገቡ ሌላችሁ ልጆቹን ወደ ሮያል ቪክቶሪያ ፓርክ ውሰዱ፤ ሰፊ መጫወቻ አለው። በፈረቃ ከሆነ ሁለት የተለያየ ሰዓት መያዝ እንዳለባችሁ አትርሱ።

*የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ስኳር።* ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ያወርዳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከገንዳ ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ሙቀቱ መድኃኒቱን ስለሚያፈጥነው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ሁሉም ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። "ምንም አይለኝም፣ አገሬ ፍልውሃ ስገባ ኖሬያለሁ" የሚሉ አባት ያጋጥሟችኋል። አክብሩ፣ ግን ጠይቁላቸው።

*ነፍሰ ጡር።* ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሪ አትግቢ። የእንፋሎት ክፍሉን ፈጽሞ ተዪው።

*ቁስል፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ተቅማጥ።* አትግቡ። ሌላ ቀን አለ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ውሃ ሰውነት ያፍታታል፣ ድካም ያወጣል። ጠበል ግን አይደለም፣ መድኃኒትም አይተካም። ወላጆቻችሁ ለዚህ ብለው ኪኒን እንዳያቋርጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በገንዳው ውሃ ጠርሙስ ሞልቶ ወደ ቤት መውሰድም አይቻልም።

2. የመግቢያ ፈቃዱን ጨርሱ

ብሪታንያ ውስጥ የምትኖሩ ይህን ክፍል እለፉት።

ከአውሮፓ የምትመጡ ይህን ልብ በሉ፦ ብሪታንያ በሸንገን ውስጥ የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከጀርመን፣ ከጣሊያን ወይም ከስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ጋር መያዝ በቂ አይደለም። የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትመጡም እንደዚያው ነው።

- ማመልከቻው ከጉዞው ቀን 3 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይገባል።
- አሻራ ከሰጣችሁ በኋላ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ይመጣል። በፈረንጆቹ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) የእረፍት ወራት ሊዘገይ ስለሚችል ትርፍ ጊዜ ያዙ።
- ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ የአውሮፕላን፣ የባቡር ወይም የስፓ ክፍያ አትፈጽሙ።

የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ግን ማውጣት አለባችሁ (የአየርላንድ ፓስፖርት ላለው እሱም አያስፈልገውም)። በብሪታንያ መንግሥት መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ብቻ አውጡ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ቀድመው የሚመጡት ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚያስከፍሉ ደላሎች ናቸው። ፈቃዱ የሚታሰረው ከፓስፖርቱ ጋር ነው፤ ፓስፖርት ከቀየራችሁ አዲስ ያስፈልጋችኋል።

ጎብኚ ሆናችሁ ከመጣችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። የድንገተኛ ክፍል ሕክምና በነጻ ነው፤ ሆስፒታል ከተኛችሁ ግን ሒሳቡ ከባድ ነው።

3. ቀን ምረጡ

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀኖች አንዱን ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ገንዳውም ሙዚየሙም ይወደዳሉ፣ ይጨናነቃሉም። የትምህርት ቤት እረፍትን ሽሹ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ የገና ገበያ አለ። ያኔ መሃል ከተማው መላወሻ የለውም፤ ማደሪያም እሳት ነው።

ጾምን አስቡበት። ባዶ ሆድ ሆኖ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት ራስ ያዞራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ፣ ወይ ከጾም ውጭ ያለ ቀን ምረጡ፣ ወይ ቀምሶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚገባበት የምሽት ሰዓት ያዙ። የጾም ምግብ ከተማው ውስጥ አይቸግርም። "ቪጋን" የሚለውን ምልክት ፈልጉ።

የጃንሆይን ቤት ማየት የምትፈልጉ ቀኑን የምትወስኑት አሁን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ነው። በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ከቤቱ ድረ ገጽ ሳታረጋግጡ አትሂዱ። ከገንዳው ቀን ጋር ካልገጠመላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ማደሩን በጣም እመክራለሁ። ለእነሱ ከውሃው ይልቅ ያ ቤት ልባቸውን ይነካዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከለንደን በአንድ ቀን ዊንዘርን፣ ስቶንሄንጅንና ባዝን የሚያዞሩ የአውቶቡስ ጉብኝቶች አሉ። ባዝ ላይ የሚሰጣችሁ ጊዜ ጥቂት ነው። ሙዚየሙን ሮጥ ሮጥ ብላችሁ ታያላችሁ፤ ገንዳ ግን አትገቡም። ፍልውሃ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም።

4. የገንዳውን ሰዓት ያዙ

በቴርሜ ባዝ ስፓ ድረ ገጽ ግቡ። ብዙ ነገር ተደርድሮ ታያላችሁ፦ ማሳጅ፣ የፊት እንክብካቤ፣ ከምግብ ጋር የተጣመረ ጥቅል። እነዚህን እለፏቸው። የሚያስፈልጋችሁ ለ2 ሰዓት የሚያስገባው መደበኛ ቲኬት ነው። በዚህ ቲኬት ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፦ ከታች ያለውን ትልቅ ገንዳ፣ የእንፋሎት ክፍሎቹን፣ ከጣራው ላይ ያለውን ገንዳ። ፎጣ፣ ካባና ነጠላ ጫማ በዋጋው ውስጥ አለ።

ክሮስ ባዝ የሚባለው ደግሞ ፊት ለፊት ያለ ሌላ ትንሽ ገንዳ ነው። ቲኬቱ ለብቻው ነው፤ የጣራው ገንዳም የለውም። በስሕተት እሱን ገዝተው የሚያዝኑ አሉ። ነገር ግን ከማያውቁት ወንድና ሴት ጋር መታጠብ ለሚከብዳቸው ሽማግሌዎች ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ለቤተሰብ ብቻ መከራየት ይቻላል። ዋናው ሕንጻ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ነው። ይህን ለእናታችሁ በር ላይ ሳይሆን ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል።

- ቲኬቱ ላይ 10:00 ካለ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። 14:00 ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለወላጆቻችሁ በስልክ ስትነግሩ "አሥር ሰዓት" ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ በሐበሻ አቆጣጠር ይረዱታል፣ ቀኑ ይበላሻል።
- ቀኑ በእንግሊዝ ልማድ ቀን፣ ከዚያ ወር ነው። 05/06 ማለት ጁን 5 ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ በተለይ ተጠንቀቁ።
- የጣራው ገንዳ ማታ ማታ ያምራል። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 16:00 (በእኛ 10 ሰዓት) አካባቢ ነው፤ ጁን ላይ ግን እስከ 21:30 (ማታ 3 ሰዓት ተኩል) ትቆያለች። ጨለማና እንፋሎት አብሮ ለማየት የሚፈልግ የፈረንጆቹን ክረምት ይምረጥ።

ደርሶ መልስ ከለንደን ከሆነ ከ14:00 እስከ 15:00 ያለው መግቢያ የተሻለ ነው። ጠዋት ከገባችሁ ባቡር ሲዘገይ ቲኬቱ ይቃጠላል። ደግሞም ከሙቅ ውሃ በኋላ ሰውነት ይፈታል፣ እንቅልፍ ይመጣል፤ ሙዚየም ለመዞር አቅም አይኖርም።

*ቦታ ካለቀስ?* ቀኑን ቀይሩ፤ ባቡር ያልገዛችሁት ለዚህ ነው። ቀኑ የማይቀየር ከሆነ የምሽቱን መግቢያ እዩ። ስልክ ደውላችሁም ጠይቁ፤ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። ጌንስበሮ የሚባለው ሆቴልም ከዚሁ ፍልውሃ የሚሞላ ገንዳ አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለሚያድር ሰው ግን አማራጭ ነው።

5. ባቡሩን ግዙ

ከለንደን የሚነሳው ከፓዲንግተን ጣቢያ ነው። ቀጥታው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። መድረሻ ብላችሁ የምትጽፉት "ባዝ ስፓ" ነው። በስም የሚመሳሰለው ባዝጌት ስኮትላንድ ነው፤ ከዝርዝሩ ስትመርጡ እጃችሁ እንዳይስት።

የምትሳፈሩት ወደ ብሪስቶል ቴምፕል ሚድስ የሚሄደውን ነው። ወደ ካርዲፍ ወይም ስዋንሲ የሚሄዱት ባቡሮች ከዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ኩባንያ ይነሳሉ፤ ነገር ግን ስዊንደንን ካለፉ በኋላ በሌላ ሐዲድ ስለሚሄዱ ባዝ አይቆሙም። የመድረሻውን ስም ብቻ አትዩ። ሰሌዳው ላይ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ተዘርዝረዋል። ባዝ ስፓ የሚል ከሌለ አትግቡ።

*ተሳስታችሁ ከገባችሁስ?* ስዊንደን ላይ ውረዱና ቀጣዩን የባዝ ባቡር ጠብቁ። ስዊንደንን ካለፋችሁ ብሪስቶል ፓርክዌይ ላይ ውረዱ፣ ወደ ቴምፕል ሚድስ ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ ባዝ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ተቆጣጣሪው ሳይመጣባችሁ እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ይረዳሉ።

ዋጋ ለመቀነስ፦

- ቀድሞ የሚገዛው ርካሽ ቲኬት የሚያገለግለው ለተጻፈው ባቡር ብቻ ነው። መሄጃውን በእሱ ግዙ። መመለሻው ግን ሰዓት የማያስር ቢሆን ይሻላል፤ ከገንዳ መቼ እንደምትወጡ ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ መቼ ለብሶ እንደሚጨርስ ግን አታውቁም።
- ከ3 እስከ 9 ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ የቡድን ቅናሽ አለ። ሰዓቱ ከሚጨናነቅበት ውጭ ሲሆን ሲሶው ይቀነሳል።
- ሁለት ከሆናችሁ ወይም 60 ዓመት የሞላው ሰው ካለ የቅናሽ ካርድ ዋጋውን ይመልሳል።

አውቶቡስ ከቪክቶሪያ ይነሳል፤ ይረክሳል፣ ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሄትሮው በቀጥታ ለምትሄዱ ለንደን መግባት አያስፈልግም። በአውቶቡስ ሬዲንግ ሂዱና ከዚያ የባዝን ባቡር ያዙ።

ባዝ ስትደርሱ በባዝ ስፓ ውረዱ። ቀጣዩ ኦልድፊልድ ፓርክ ነው፤ መሃል ከተማው አይደለም።

6. ቦርሳችሁን አዘጋጁ

*የዋና ልብስ።* ግዴታ ነው። ቲሸርት፣ የውስጥ ሱሪ፣ ነጠላ ወይም የጥጥ ልብስ ለብሶ ገንዳ መግባት አይፈቀድም። ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የሚፈልግ ሰው ለዋና ከተሠራ ጨርቅ የሆነውን ይግዛ፤ ከመግዛቱ በፊት ስፓውን በኢሜይል ይጠይቅ። ልብሱን ቤት ሞክሩት። ሴቶቻችን ላይ የሚያጋጥመው ትልቁ እክል መልበሻ ክፍል ውስጥ "ይሄ አይሆነኝም" ማለት ነው፤ ያኔ ሁለቱ ሰዓት እየቆጠረ ነው።

*የብር ጌጥ።* በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ብርን ሊያጠቁር ይችላል። የብር መስቀል፣ ቀለበት፣ አልቦ ቤት ትታችሁ ሂዱ። የክር ማተብ ምንም አይሆንም። መስቀሉን ማውለቅ የማይወድ ሰው መስቀሉን ከክሩ ፈትቶ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ። ረስታችሁት ከጠቆረ አትደንግጡ፤ በብር ማጽጃ ጨርቅ ይለቃል።

*ፀጉር።* ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዞ ገንዳ አይገባም። ከዋዜማው በፊት በደንብ ታጠቡት፤ አንድ ጊዜ በመታጠብ ቅቤ አይለቅም። ሹሩባ ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ኮንዲሽነር ያዙ፤ ውሃው ተጣርቶና ተመጥኖ መድኃኒት ስለሚጨመርበት ፀጉር ያደርቃል። ከመግባታችሁ በፊት ፀጉሩን በንጹሕ ውሃ ብታርሱት የገንዳውን ውሃ ብዙም አይጠጣም።

*ሌላው።* የሚጠጣ ውሃ፣ ቅባት፣ ለእርጥብ ልብስ ላስቲክ፣ ለክረምት የጸጉር መሸፈኛ። የማይንሸራተት ጫማ አድርጉ፤ የከተማው ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ መንገዱም ዳገት አለው። ትልቅ ሻንጣ አትያዙ። ሙዚየሙ አያስገባውም፤ ጣቢያው ላይ አስቀምጠዋለሁ ብላችሁም አትቁጠሩ። የምታድሩ ከሆነ መጀመሪያ ሆቴሉ ጋ ጣሉት።

7. ጠዋቱን በሙዚየሙ አሳልፉ

ከጣቢያ እስከ ሮማውያኑ መታጠቢያ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ወጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ካቴድራል የመሰለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ባዝ አቢን፣ ፈልጉ። ሙዚየሙ አጠገቡ ነው።

ቲኬቱን ከሰዓት ጋር ቀድማችሁ ግዙ፤ ባቡሩ ከሚደርስበት ሰዓት ቢያንስ 45 ደቂቃ ዘግይቶ ይሁን። ለጉብኝቱ ሁለት ሰዓት መድቡ። የድምፅ ማብራሪያ መሣሪያ ከቲኬቱ ጋር ይሰጣል፤ አማርኛ ግን የለውም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወላጆች ካሏችሁ በየጣቢያው ቆማችሁ አታድክሟቸው። ሦስት ቦታ ብቻ ረጋ ብላችሁ አስረዷቸው፦ ውሃው እየተንፈቀፈቀ የሚወጣበትን ምንጭ፣ ትልቁን ገንዳ፣ ትርፉ ውሃ እየጎረፈ የሚያልፍበትን የሮማውያን ቦይ። ውሃው በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ፣ በ46 ዲግሪ ሙቀት ይወጣል። ቦዩ ጋ ስትደርሱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይሰማል። ሶደሬን ወይም ወንዶ ገነትን የሚያውቅ ሰው ያኔ ነው "አሁን ገባኝ" የሚለው።

ለምን እንደማይገባበት ከጠየቁ፦ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ሰው በምንጩ ውሃ ይዋኝ ነበር። በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ የአንጎል ሽፋን ብግነት ይዟት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ተዘጋ። ስለዚህ ማንም ባያያችሁም እጃችሁን አትንከሩ፣ ፊታችሁንም አትታጠቡበት። ስፓው የሚጠቀምበት ውሃ ግን የታከመ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚጠጣ የፍልውሃ ቧንቧ አለ። ለመጠጥ የተዘጋጀ ስለሆነ ቅመሱት። ለብ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል። አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

ከዚያ ምሳ። ከገንዳው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ብሉ፤ ቀለል ያለ ይሁን። አልኮል አትንኩ።

8. ገንዳው ውስጥ

(ሀ) ከተያዘው ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ሆት ባዝ ስትሪት ላይ ካለው በር ድረሱ። ሁለቱ ሰዓት የሚቆጠረው መልበሱንም መታጠቡንም ጨምሮ ነው።

(ለ) የእጅ ማሰሪያ ይሰጣችኋል። የዕቃ ሳጥናችሁን የሚከፍተውም፣ ካፌው ውስጥ ሒሳብ የሚይዘውም እሱ ነው። አታውልቁት።

(ሐ) የመልበሻው አዳራሽ ለወንድና ለሴት አንድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በድንጋጤ ይመለሳል። አትደንግጡ፤ የሚዘጉ ትናንሽ ክፍሎች አሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። ክፍሉን ቆልፉ፣ ለውጡ፣ ካባውን ደርባችሁ ውጡ። እናት ካሉ ሴት ልጃቸው አብራ ትግባ።

(መ) ስልክ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ተነጣጥላችሁ የምትዞሩ ከሆነ የት፣ በስንት ሰዓት እንደምትገናኙ አሁን ተነጋገሩ። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ይያዝ፤ ደረጃው እርጥብ ነው።

(ሠ) ታጠቡ። ቅባትና ሽቶ ይልቀቅ።

(ረ) ከታችኛው ገንዳ ጀምሩ። 20 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ውሃው 33.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወላጆቻችሁ "ይሄማ ለብ ያለ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የአዲስ አበባን ፍልውሃ የለመደ ሰው ቆዳ የሚያቃጥል ነው የሚጠብቀው። እዚህ ውሃው የሚቀዘቅዘው ሰው ረጅም ጊዜ እንዲቆይበት ታስቦ ነው። አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አያዝኑም።

(ሰ) ውጡ፣ ካባ ልበሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ይህን እረፍት የሚዘል ሰው ነው ራሱን የሚያዞረው።

(ሸ) ከዚያ እንፋሎት፤ ሙቀት የናፈቀው እዚህ ያገኘዋል። መጀመሪያ ከአምስት ደቂቃ አትብለጡ። ግፊት፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ይለፈው።

(ቀ) ጣራውን ለመጨረሻው 40 ደቂቃ አስቀምጡት። ሁሉም ሰው ገና እንደገባ ወደዚያ ስለሚሮጥ መጀመሪያ ላይ ይጨናነቃል። በክረምት ከበሩ እስከ ውሃው ያለው ጥቂት እርምጃ ይበርዳል፤ ካባውን ውሃው አጠገብ ስቀሉና ቶሎ ግቡ።

(በ) ሰዓቱ ሊያልቅ 25 ደቂቃ ሲቀረው ውጡ። ካሳለፋችሁ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ፀጉር ማድረቂያው ጋም ወረፋ አለ።

*ራስ ካዞረስ?* ሰውየውን አታስቁሙት። ከውሃው አውጡት፣ አስቀምጡት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ውሃ ስጡት። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና ከተንቀጠቀጠ ወይም ካላበው ጣፋጭ ነገር ወዲያው ይሰጠው። ሠራተኛ ጥሩ፤ በየገንዳው አጠገብ አሉ። ደረት ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ 999 ይደወል።

*እናት ውሃው ጋ ደርሰው "አልገባም" ካሉስ?* አታስገድዱ። በካባ እንዳሉ ገንዳው ዳር ይቀመጡ። ብዙ ጊዜ እድሜያቸው የገፋ ሌሎች ሴቶች ገብተው ሲያዩ ራሳቸው ይነሳሉ። ካልተነሱም አርፈዋል።

9. ከወጣችሁ በኋላ

ፀጉራችሁን ሳታደርቁ ወደ ብርድ አትውጡ። ቆዳችሁን ቅባት ቀቡ። ካፌ ገብታችሁ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መኪና የሚነዳ ሰው ይህን እረፍት ፈጽሞ አይዝለል፤ ከፍልውሃ በኋላ እንቅልፍ ያዳፋል።

በመኪና ለመጣችሁ አንድ ቃል፦ መሃል ከተማው ውስጥ ማቆሚያ ፍለጋ አትንከራተቱ። ላንስዳውን፣ ኒውብሪጅና ኦድ ዳውን ላይ ሰፋፊ ማቆሚያዎች አሉ፤ ከዚያ አውቶቡስ ያስገባችኋል። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ስትወርዱ ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። ቫን የያዛችሁ ደግሞ የንጹሕ አየር ክልል ክፍያ ሊመለከታችሁ ስለሚችል የታርጋ ቁጥራችሁን በመንግሥቱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ አረጋግጡ። የግል የቤት መኪና አይከፍልም።

ባቡር የያዛችሁ ከገንዳው መውጫ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን አስቡ። ካመለጣችሁና ቲኬቱ ለዚያ ባቡር ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ላይ ዝም ብላችሁ አትሳፈሩ፤ መጀመሪያ ጣቢያው ላይ ሠራተኛ አናግሩ። የዘገየው ባቡሩ ራሱ ከሆነ ግን ቲኬቱን አትጣሉት። መዘግየቱ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ ካሳ በኢንተርኔት መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጊዜው 28 ቀን ነው።

በማግስቱ ቆዳ ላይ ሽፍታ ወይም ማሳከክ ከመጣ በንጹሕ ውሃ ታጠቡ፣ ሽቶ ያለበት ሳሙና ተዉ። በሁለት ቀን ካልጠፋ ወይም ትኩሳት ካለ ብሪታንያ ውስጥ ከሆናችሁ 111 ደውሉ፤ አስተርጓሚ ስትጠይቁ በአማርኛ ያገናኟችኋል።